«ማን ሰበረው?» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነው። አዎ፣ ስለ ዲሽ ዋሸር። በዚህ ሁሉ የሀገር ጉዳይ መሃል ሌላ አጀንዳ ጠፍቶ ነው ወይ ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ በዚህ ማሽን ምክንያት አንዲት ልጅ በድያለሁ።

ማሽኑን የላከችልን ዱባይ የምትሠራው እህቴ ናት። እዚያ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እናታችን ከኛ ጋር ስለምትኖር ቤታችን እንግዳ አይጠፋውም፤ በዓል ሲመጣማ የሰሃኑ ክምር ሌላ ነው። «እኔ በማሽን ለሰው ሳጥብ ኖሬ የእናቴ ቤት ሰሃን በእጅ ይታጠባል?» ብላ ከደመወዟ አጠራቅማ ገዛችና በጭነት ላከችው።

የመጣ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ሊያየው ገባ። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ጣራ ላይ ካለው ሮቶ ጋር አስገጠምነው። ለሠራተኛችንም አሳየናት፤ ሰሃኑን እንዲህ ደርድሪ፣ ሳሙናውን እዚህ ጨምሪ፣ ይህን ተጫኚ። ሥልጠናው በሁለት ደቂቃ አለቀ። የአጠቃቀም መመሪያው ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ማሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ቆመ። ስንከፍተው ታችኛው ክፍል ቆሻሻ ውኃ ሞልቶበታል፣ ቅባት ተንሳፎበታል፣ ሽታው አይጣል ነው። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ነበር መሰላችሁ? «ምን ሆነ?» አይደለም። «ማን ነካው?» ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እንዳሳዩኝ ነው ያደረግኩት» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። ያንን መሬት መሬት ማየቷን የጥፋት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

ጠጋኝ ጠራን። መጥቶ ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጫነ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አዳመጠና «ፓምፑ ተቃጥሏል» አለ። ውስጡን ገልጦ አላየም። ለመለዋወጫው የጠራው ዋጋ ከልጅቷ የብዙ ወር ደመወዝ ይበልጣል። በር ላይ ሲደርስ ደግሞ «ዕቃ የሚጨርሱት እነዚህ ሠራተኞች ናቸው እኮ» ብሎ ጨመረልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ውስጤ የነበረውን ጥርጣሬ ባለሙያ አጸደቀልኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳልሸፋፍን ልጻፈው። በየወሩ ግማሽ ደመወዟን እንደምቆርጥ ነገርኳት። ለተያዧም ደውዬ «ያመጡልን ልጅ ትልቅ ዕቃ ሰበረችብን» አልኩ። ልጅቷ አልተከራከረችም። የአንድ ወር ተቆረጠባት፤ በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። የማሽኑን ውኃ በኩባያ ቀድተን አወጣንና የድስት ክዳን ማስቀመጫ አደረግነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ እህቴ በቪዲዮ ደወለች። «ማሽኑስ?» አለችኝ። ሠራተኛዋ ሰበረችው አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ማጣሪያውን አጥባችሁታል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የምን ማጣሪያ?»

ስልኩን ይዤ ኩሽና እንድገባ አዘዘችኝ። «መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። የታችኛውን መደርደሪያ አውጣ። ወለሉ ላይ ክብ ወንፊት የመሰለ ነገር አለ፤ ወደ ግራ አዙረህ ወደ ላይ ሳበው።» ገና ስነካው ወጣ፤ ከጅምሩም በደንብ አልተቆለፈም ነበር። ውስጡ የደረቀ እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ የሎሚ ፍሬ፣ እንደ ሻማ የረጋ ቅቤ፣ በዚያ ላይ ሻጋታ። «ከሥሩ ትንሽ ክዳን አለች፣ ፓምፑ እሷ ውስጥ ነው። በጣትህ እንዳትገባ፣ በማንኪያ ፈልግ» አለችኝ። ፈለግኩ። የፓምፑን መዘውር ጠርቅሞ የያዘው አንዲት የብርጭቆ ስባሪ ነበረች፤ ጠርዟ ወርቃማ።

ብርጭቆውን አወቅኩት። የፋሲካ ዕለት ማታ እንግዶች ከሄዱ በኋላ ዕቃውን ማሽን ውስጥ የደረደርኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ እዚያው መደርደሪያው ላይ ተሰበረ፤ ትልልቁን ስባሪ ለቀምኩና በሩን ዘጋሁ። ልጅቷ የዚያን ቀን እቤት አልነበረችም። ለበዓል ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳ ነበር።

ስባሪውን አውጥቼ ማሽኑን ሳስነሳው ውኃውን እያንጎራጎረ ደፋው። የተቃጠለ ነገር አልነበረም። እህቴ በስልኩ እያየች «እኔንም የመጀመሪያዋ መዳም ሰሃን ሰበርሽ ብላ ደመወዜን ይዛብኝ ነበር። እናንተ እንዳታዝኑ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ከዚያ በኋላ መመሪያውን ከፕላስቲኩ አውጥቼ አነበብኩት። ማሽኑ ያላችሁ እንድትጠቀሙበት የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ማሽኑ 10 ሊትር አካባቢ ውኃ ያስገባል፣ ያሞቀዋል፣ በሚሽከረከሩት ክንዶች ቀዳዳ ይረጨዋል፣ ወደ ታች የወረደውን ያንኑ ውኃ በማጣሪያው አሳልፎ ደግሞ ይረጨዋል፣ በመጨረሻ በፓምፕ ይደፋዋል። ስለዚህ ማጣሪያው ከተደፈነ ሰሃኑ የሚታጠበው በእድፍ ነው።

ውኃ ታች ከቀረ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት በቅደም ተከተል እዩ፤ መጀመሪያ ማጣሪያው፣ ቀጥሎ የፓምፑ ጉድጓድ፣ ቀጥሎ የፍሳሽ ቱቦው ከጀርባ ታጥፎ እንደሆነ። ውኃ አልገባም ካለ ደግሞ በኛ ከተማ ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የፈረቃ ውኃ ይዞት የሚመጣው አሸዋ ነው፤ የማስገቢያው ቱቦ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች፣ ውኃውን ዘግታችሁ ቱቦውን ፍቱና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እጠቧት። ሁለተኛው ግፊት ነው። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር ገደማ ነው። ሮቶው ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የምታገኙት 0.3 ባር ነው፤ ይህ ለብዙ ማሽኖች በጣም አነስተኛ ነው።

ሰሃኑ ነጭ ነጭ ካለ ጥፋቱ የሳሙናው ላይሆን ይችላል፤ ውኃው ውስጥ ያለው ኖራ ነው። የጉድጓድ ውኃ ይህ ይበዛበታል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ማሽኖች የጨው ማስቀመጫ ያላቸው፤ የሚጨመረው ግን ለማሽኑ የተዘጋጀው ጨው እንጂ የወጥ ጨው አይደለም። የክንዶቹ ቀዳዳ ሲደፈን በስቴኪኒ ይጸዳል። በወር አንድ ጊዜ አንድ ኩባያ አቼቶ አስቀምጣችሁ ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት አሠሩት፤ የኖራውን ቅሪት ያሟሟዋል። ጀበናና የሸክላ ድስት አታስገቡበት። የወጥ ትርፍራፊውንም ጠርጋችሁ አስገቡ። የኛ ቤት ማሽን ላይ ከእነዚህ አንዱንም አላደረግንም። ልጅቷን ግን ከሰስናት።

የሚገርመው፣ ማሽኑ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ክስ ነው ይባላል። ጆሴፊን ኮክሬን የምትባል በኢሊኖይ ግዛት የምትኖር አሜሪካዊት፣ ሠራተኞቿ ሲያጥቡ ውድ የፖርሴሊን ሰሃኖቿ እየተሸረፉባት ተናደደች። እ.ኤ.አ. በ1883 ባሏ ዕዳ ትቶባት ሲሞት ሐሳቡን ወደ ሥራ ለወጠችው፤ በ1886 የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች፣ በ1893ም በቺካጎ ዓለም ዐቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ማሽኗን አሳየች። ሰሃኑ ከሠራተኛ እጅ ወጣ። ክሱ ግን አልወጣም፤ አሁን ደግሞ ማሽኑን ሰበረች እንላለን።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛ ደመወዝ ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት፣ ያለ ሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ግን ይኸው አዋጅ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ ላይ ባደርገው የሚያስጠይቀኝን ነገር ኩሽናዬ ውስጥ ብቻዬን ከሳሽ፣ መርማሪና ዳኛ ሆኜ አደረግኩት። ዱባይ እህቴን ያንን ያደረጓትን ሰዎች ግን ጨካኝ ለማለት ማንም አይቀድመኝም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። ነገር ግን ሥር ድረስ መውረድ እጅን ያቆሽሻል። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራው ሲቆም የምናደርገው ይታወቃል፤ ግምገማ ይጠራል፣ ኃላፊው ይነሳል፣ አዲስ ይሾማል፣ እናጨበጭባለን። ከወራት በኋላ ያው ውኃ እዚያው ቦታ ይቋጠራል። አዲሱም ሰው እንደ አሮጌው የሁለት ደቂቃ ሥልጠና ነው የተሰጠው፤ መመሪያው አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው። ሪባን ሲቆረጥ ዜና ይሠራል፤ ማጣሪያ ሲታጠብ ዜና የለውም።

ተጠያቂነት ይቅር እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በትክክል የሚጠየቀውን ሰው የምናገኘው ስንመረምር ነው። በኛ ቤት ሲመረመር የተገኘው እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ መመርመር የማንፈልገውም ለዚህ ይመስለኛል።

የልጅቷን ስልክ ያገኘሁት ከተያዧ ነው። የቆረጥኩትን ገንዘብ መመለስ ቀላል ነበር። የከበደኝ ለተያዧ «ልጅቷ ምንም አልሰበረችም፤ የሰበርኩት እኔ ነኝ» ማለቱ ነበር፤ ያ ቃል ከኔ አፍ ወጥቶ ስንት ቤት እንደዞረ አላውቅም። ልጅቷ ሌላ ቤት ገብታለች። ይቅርታ ስጠይቃት «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል ቀስ ብላ «ማጣሪያ እንዳለው እኮ ማንም አልነገረኝም» አለች።

እውነቷን ነው። እኔንም ማንም አልነገረኝም፤ ግን ከእኔ ደመወዝ የቆረጠ የለም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማጣሪያውን የማጥበው እኔ ነኝ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።