በቦምቤይ ባቡር ስላለው አራተኛ መቀመጫ

ሰው ማልዶ ከቤቱ ሲወጣ የሚሳፈርበት ነገር የቤተ ሰብ ጉዳይ አይመስለውም። ነገር ግን ምሳውን በሰዓቱ ማግኘቱ፥ ማታም በደኅና መመለሱ፥ ደጁንም በምን መንፈስ መግባቱ በመንገዱ የተያዘ ነው። ይህን እኛ የተረዳነው ባለቤታችን ታማ ለሕክምና ወደ ሕንድ አገር፥ ቀድሞ ቦምቤይ ዛሬ ሙምባይ ወደምትባለው ከተማ በ2025 ዓ.ም. በሄድን ጊዜ ነው። የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሐኪም ቤቱ በከተማይቱ ደቡብ፥ በቸርችጌት ጣቢያ አጠገብ ነበረ። እኛ ግን ለዚያ ሰፈር ኪራይ ገንዘባችን ስላልበቃ በሰሜን በኩል በአንዴሪ አደርን። ስለዚህ ዕለት ዕለት፥ እኛ ባጃጅ በምንላት፥ ስሟንም ከዚያው አገር ይዛ በመጣችው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እስከ ጣቢያው፥ ከዚያም በባቡር እንሄድ ነበር።

በሕንድ አገር መንገደኛ የጫነው የመጀመሪያው ባቡር ከዚህችው ከተማ ተነሥቶ ወደ ታኔ የሄደው በ1853 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መጥቶ አልፏል። በ1874 በፈረስ፥ በ1907 በኤሌክትሪክ መሳብ የጀመረው ትራም በ1964 ቀረ። ባለ ፎቁ ቀይ የናፍጣ አውቶቡስና ፕሪሚየር ፓድሚኒ የተባለው ጥቁርና ቢጫ ታክሲም በ2023 ተሰናበቱ። ባቡሩ ግን አልቀረም፤ የቤትንና የመሥሪያ ቤትን ኑሮ እስከ ዛሬ የሚያገናኝ እርሱ ነው። ረፋድ ላይ ዳባዋላ የሚባሉ ነጭ ቆብ የደፉ ሰዎች፥ እናት ወይም ሚስት ያበሰለችውን ምሳ ከየቤቱ ሰብስበው፥ በክዳኑ ላይ በተጻፈው ፊደል፥ ቍጥርና ቀለም እየለዩ፥ በባቡር ጭነው ለባለቤቱ ያደርሱለታል። ባዶውንም ዕቃ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመልሱታል። ይህ ሥራ የተጀመረው በ1890 ነው።

ለሴቶች የተለየ ፉርጎ ስላለ ከባለቤታችን ጋራ በጣቢያው ላይ እንለያይ ነበር። የታመመችን ሰው ቋንቋውን በማታውቅበት አገር ብቻዋን መስደዳችን አሳስቦን የመጀመሪያውን ቀን መንገድ በጭንቀት ጨረስነው። እርስዋ ግን ፈገግ ብላ ወርዳ፥ አንዲት የማታውቃት ሴት ተነሥታ እንዳስቀመጠቻት፥ ሌላይቱም ውሃ እንዳጠጣቻት ነገረችን። ማታ ስንመለስም ሴቶቹ ለራት የሚሆነውን አትክልት በባቡሩ ውስጥ ተቀምጠው ሲከትፉ አይታ ተደነቀች።

በወንዶቹም ዘንድ አንድ ልማድ አየን። አግዳሚው የተሠራው ለሦስት ሰው ነው። ነገር ግን አራተኛ ሰው መጥቶ በእጁ ያመለከተ እንደ ሆነ፥ ሦስቱ ያለ ቃል ጠጋ ጠጋ ብለው ለእኩሌታ ጎኑ የሚሆን ስፍራ ይለቁለታል። ይህንንም አራተኛ መቀመጫ ይሉታል። ሕግ አላዘዘውም፤ እኛ ከነፈግነው ቀን በቀርም ሲነፈግ አላየንም።

በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን እንግዳ ተማሪ በመሸ ጊዜ የመጣ እንደ ሆነ፥ ጎጆው ምንም ቢጠብ «ጠጋ በሉ» ተብሎ ደበሎውን ያነጥፍ ነበር። ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ግን ለእያንዳንዱ ወንበሩ ተቈጥሮ ተሰጠው፤ በዚያም ሥርዓትን ተማርን። ከሁለቱ ትምህርት የትኛው በልባችን እንዳደረ የታወቀው በባቡሩ ላይ ነው።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሙ ባለቤታችን ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነግሮን ልባችን ከብዶ ነበር። በአግዳሚው ዳር ሦስተኛ ሆነን ተቀምጠን ሳለን አንድ ሽማግሌ መጥቶ በእጁ አመለከተን። ቀድሞ መጠጋት የሚገባን እኛ ነበርን። ነገር ግን አግዳሚው ለሦስት እንደ ተሠራ አስበን፥ ያላየን መስለን ፊታችንን ወደ መስኮቱ መለስን። ሽማግሌውም ምንም ሳይናገር እስከ ዳዳር ጣቢያ ቆሞ ሄደ። በዚያም በፊት ለፊታችን አራተኛ ሆኖ በጭንቅ የተቀመጠ ወጣት ያችኑ ጥቂት ስፍራውን ለቆለት ተነሣ።

ማታ ለባለቤታችን ነገርናት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «እርስዎ የተቀመጡት በሕግ ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የተቀመጥሁት በሰው ደግነት ነው» አለችን። በፍርድ ቤት ብዙ ፍርድ ስንጽፍ ኖረናል፤ እንደዚህ ያለ አጭር ፍርድ ግን ጽፈን አናውቅም።

ይሁን እንጂ የቈየውን ሁሉ ማመስገን ስሕተት ነው። የዚሁ ባቡር ደጅ አብዛኛው ክፍት ስለ ሆነ ሰው ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ በሐዲዱም ላይ ያቋርጣል። በ2023 ብቻ በከተማይቱ የባቡር መንገድ ከ2,500 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ምሳው በደኅና የደረሰለት፥ እርሱ ግን ማታ ሳይመለስ የቀረ ስንት የቤት አባወራ አለ!

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ግፊያ እንዳይነካት ባዘዘ ጊዜ ወደ አዲሱ ተዛወርን። ከአንዴሪ በ2014 በተከፈተው ሜትሮ እስከ ማሮል ናካ፥ ከዚያም በዚያው በ2025 በኦክቶበር ወር ሥራው እስከ ደቡቡ ጫፍ በተፈጸመው የመሬት ውስጥ ባቡር እንሄድ ጀመር። የዚህ መንገድ ርዝመት 33.5 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጣቢያውም 27 ነው። ደጁ ራሱ ይዘጋል፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚንጠለጠል የለም። ባለቤታችንም ሳትገፋ ስለ ደረሰች አመሰገንን። ነገር ግን እያንዳንዱ ዓይኑን በእጅ ስልኩ ላይ ጥሎ ስለሚሄድ፥ በእጁ የሚያመለክትም ጠጋ የሚልም አላየንም።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ሕፃን ታቅፈው ገቡ። እኛ ገና ስናስብ ባለቤታችን፥ ቍስሏ ሳይድን፥ ጎኗን በእጇ ደግፋ ጠጋ አለች። ያን ጊዜ አፍረን ተነሣን፤ አሮጊቷም ከነሕፃኑ ተቀመጡ።

አዲሱ ባቡር የሰውን ሕይወት ይጠብቃል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። አራተኛውን መቀመጫ ግን መሐንዲስ አይሠራውም፤ ተሳፋሪው ከቤቱ ይዞት ይወጣል እንጂ።