ብሎንና ወጌሻ

አንባቢ ሆይ! ወገብህ ውስጥ አራት ብሎን ይዘህ፣ እናትህ ሃያ ሊትር ውኃ አዝላ ዳገት ስትወጣ ተቀምጠህ ተመልክተህ ታውቃለህ? እኔ ተመልክቻለሁ።

የተወለድኩት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ተራሮች መሐል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ትርፍ ውኃውን ቁልቁል ለታላቁ ሐይቅ የሚሰድ ታናሽ ሐይቅ ነው። የወገቤ አንድ አጥንት በታችኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ነርቭ ስለተጫነ፣ አዲስ አበባ ላይ ሐኪሞች ሁለቱን አጥንቶች በአራት ብሎንና በሁለት ዘንግ አሰሩልኝ። በሦስተኛው ወር ለማገገም እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ "ብረት ገባለት እኮ! ከእንግዲህ ግንድ ቢሸከም ማን ይችለዋል?" ይል ነበር። እኔም በሆዴ እንደዚያው ሳላስብ አልቀረሁም። አንድ ማለዳ እናቴ ጀሪካኑን አዝላ ብቅ ስትል፣ ልቀበላት ተነሥቼ ጎንበስ አልኩ።

"ተው!" አለች።

"ብረት አለኝ እኮ እማዬ!"

"አብሽር ልጄ፤ ቁጭ በል። ልጅ ሆነህ ክንድህ ሲሰበር ወጌሻው ሸምበቆ አስሮልህ አልነበር? በሸምበቆው እንጨት ተሸክመሃል?"

ዝም አልኩ። ሐኪሙ ሥዕል እየሣለ ያስረዳኝን እርሷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኑ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የአከርካሪውን የኋላ ቅስት ከፊተኛው አካል ጋር በሚያያይዘው ጠባብ የአጥንት አንገት በኩል ያልፋል። ጥርሱን አጥብቆ የሚይዘው ይኸው አንገት ነው። በዚህ መንገድ ብሎን ማሳለፍን ፈረንሳዊው ሐኪም ሬሞን ሯ ካሚ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀመረ። ዛሬ የግራና የቀኙ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ ዘመም ተደርገው ይገባሉ፤ ዘንበል ብሎ እንደተተከለ የበሬ ማሰሪያ ችካል ለመነቀል ያስቸግራሉ።

አሁን ጀሪካኑን እንመዝነው። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። ከአከርካሪዬ 40 ሴንቲ ሜትር አርቄ ባነሣው፣ ከአከርካሪው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚርቀው የጀርባ ጡንቻ ሚዛን ለመጠበቅ በ160 ኪሎ መጎተት አለበት። ብሎኑ አንድ ቀን ይችለው ይሆናል። ነገር ግን ሽቦ ወዲያ ወዲህ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ፣ ብሎንም ሺህ ጊዜ ሲተጣጠፍ ይሰበራል። አጥንቱ የሳሳ ከሆነ ደግሞ ሳይሰበር ይላላል። የብሎን ሥራ በመካከል የተቀበረው የአጥንት ፍርፋሪ እስኪገጥም ድረስ እንቅስቃሴን መከልከል ነው። ይህም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ሲጋራ መግጠሙን ስለሚያዘገይ እርሱንም ተውኩ።

አዲስ አበባ ወረፋ ስጠብቅ፣ ሳንባ ነቀርሳ አከርካሪውን በልቶ ያጎበጠው አንድ ልጅ አጠገቤ ይቀመጥ እንደነበር ትዝ አለኝ። ዶክተር ሪክ ሆድስ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ጋና፣ ወደ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ ከላኳቸው ሕመምተኞች እንደ አንዱ ለመሆን ተስፋ ያደርግ ነበር። እዚያ እጅግ የጎበጡት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ራሳቸው ላይ በታሰረ ቀለበት ለሳምንታት ቀስ በቀስ ይሳባሉ። ለዓመታት የጎበጠን ወገብ ብሎን በአንድ ቀን ያቅናው ቢባል፣ አጥንቱም ነርቩም አይችሉትም።

እናም ቁጭ ብዬ ከረምኩ። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ያ መቀመጥ አመመኝ። የእኔን ወገብ ሐኪም አሰረው፤ የእናቴንስ ማን ያስርላት?

በዓመቱ ራጅ ተነሥቼ ሐኪሙ "ገጥሟል" አለኝ። ከደሴ ሁለት የአምስት ሊትር ጀሪካን ገዝቼ አርዲቦ ገባሁ። ግራና ቀኝ ሰውነቴ ላይ አስጠግቼ ዳገቱን ስወጣ፣ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች "የልጅ ጀሪካን!" እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ሁለቴ ስመላለስ የእናቴ አንድ ሸክም ይሞላል።

እርሷ ግን አልሳቀችም። ባዶ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ትመለከተኝ ነበር።