ደሴ፥ ኮምቦልቻና «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የጦሳን ብርድ ትቶ ሐረጎን ካለፈ በኋላ ጋቢውን ከትከሻው ማውረዱ አይቀርም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የአየሩ ጠባይ ግን የሁለት አገር ነው። ከኮምቦልቻም አንደኛው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲያቀና፥ ሁለተኛው በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። ይህ የአሰብ መንገድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ስለ ተሠራ፥ የወሎ ሰው የአሰብን ስም እንደ ጎረቤት ስም ሲጠራው ኖሯል።

እኛም ባለፈው ዓመት የአንድ ሟች ንብረት እንድንመዘግብ ታዘን ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ነበር። ልጆቹ ቤቱን፥ ቦታውንና ከብቱን እያንዳንዱን እየቈጠሩ አስጻፉን፤ በዋጋውም ጥቂት ተከራከሩ። በመጨረሻ ከሣጥኑ ሥር አንዲት ነጭ የባሕረኛ ቆብና የመርከብ ሥዕል ያለበት ፎቶግራፍ ወጣ። የበኵር ልጁ «ይህ ወረቀት ነው፤ ይለፍ» አለን። ያን ጊዜ እስከዚያ ዝም ብለው የተቀመጡት ባልቴት ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ ይህስ አይጻፍም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ሟቹ በወጣትነታቸው በዚያች መርከብ ላይ ያገለገሉ ባሕረኛ ኖረዋልና።

የመርከቢቱም ነገር እንዲህ ነው። የተሠራችው በአሜሪካ፥ በዋሺንግተን ክፍለ ግዛት ነው። ሥራዋ በ1934 ዓ. ም. ተጀምሮ በ1935 ዓ. ም. ወደ ውሃ ወረደች፤ በ1936 ዓ. ም. «ኦርካ» ተብላ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ማገልገል ጀመረች። የታሰበችውም ለመዋጋት ብቻ አልነበረም፤ በውሃ ላይ የሚያርፉ አይሮፕላኖችን እንደ እናት እንድትንከባከብ ነበር። ስለዚህ ቤንዚን፥ መለዋወጫ፥ የጥገና ክፍልና የአብራሪዎች መኖሪያ ነበራት። ርዝመቷ 95 ሜትር፥ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ ከውሃ በታች የሚጠልቀው አካሏ ግን ከ4 ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ይኸውም ጥልቀት በሌለው ትንሽ ወደብ ገብታ እንድትቆም ነው። በናፍጣ ሞተር በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒን ደሴቶች አጠገብ አገልግላለች።

ኤርትራ በ1945 ዓ. ም. ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ አገራችን የባሕር ኃይል አቋቋመች፤ የኖርዌይ መኰንኖችም በማሠልጠን ረዱ። ልዑል እስክንድር ደስታም በምክትል አዛዥነት መርተዋል። በጥር 1954 ዓ. ም. ያች መርከብ ከአሜሪካ በውሰት መጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የባሕር ኃይሉም ዋና መርከብ ሆነች። ለአብራሪዎች ተብሎ የተሠራው ሰፊ መኖሪያ ለዕጩ መኰንኖች ትምህርት የተመቸ ሆነ። እንደዚህ ሆኖ ማዕበል አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ በእርሷ ላይ የባሕርን ጠባይ ተማረ። በ1968 ዓ. ም. አገራችን መርከቢቱን ገዝታ የራሷ አደረገቻት። በ1975ና በ1976 ዓ. ም. ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ሁለት ፍሪጌት የሚባሉ የጦር መርከቦች መጡ።

በግንቦት 1983 ዓ. ም. ግን መንግሥት ሲለወጥ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች። ባልቴቲቱ እንደ ነገሩን፥ ባላቸው በዚያ ወራት በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ፥ በባቲ በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ እየጠበቁ ሰነበቱ። «አንድ ቀን መሸ ሲል ያለ ጫማ መጡ፤ ቆባቸውን ግን አልጣሉም ነበር» አሉን። መርከቢቱ ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ለብረት ተሸጠች፤ ባሕር ኃይሉም በኋላ ፈረሰ። ከ1990 ዓ. ም. ጦርነት ጀምሮ የአሰብ መንገድ ስለ ተዘጋ፥ የኮምቦልቻ ዕቃ የሚገባውና የሚወጣው በጅቡቲ በኩል ሆነ። በ2010 ዓ. ም. ባሕር ኃይሉ እንደ ገና እንዲቋቋም ሐሳቡ በመንግሥት ተነገረ።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። የበኵር ልጁም፥ «አባታችን ስለ ባሕር ሲነግረን እኛ ተረት መስሎን እንስቅ ነበር» አለ። ከዚያም በኋላ ፎቶግራፉን በእጁ ይዞ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። እኛም ቆቡንና ፎቶግራፉን በመዝገቡ ላይ በተራ ቍጥር ጻፍን፤ የዋጋው ስፍራ ግን ባዶ ቀረ። ሁሉም ተስማምተው ሁለቱን ዕቃዎች ለእናታቸው ሰጡ።

አንባቢዎች ሆይ፥ በየቤታችሁ ሣጥን እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ቢኖር፥ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጠይቁት፤ የሰውንም የስፍራውንም ስም ከነዓመቱ በጀርባው ጻፉበት። ሞት ከቀደመ በኋላ ጸሐፊ የሚመዘግበው ዕቃውን እንጂ ታሪኩን አይደለም።