ኮከቧ እና የእናቴ ስም

ኪቦርዳችሁ ላይ ከ8 ቁጥር በላይ የምትቀመጥ ኮከብ አለች። ትንሽ ናት፣ ግን ጉዷ ብዙ ነው። ሊኑክስ ላይ «ደብዳቤ*» ብላችሁ ስትጽፉ ስሙ በ«ደብዳቤ» የሚጀምር ፋይልና ፎልደር ሁሉ ይሰለፋል። ጥያቄ ምልክት ደግሞ ቁጥብ ናት፤ የምትተካው አንድ ምልክት ብቻ ነው። «ደብዳቤ?» ካላችሁ «ደብዳቤ1» ይገባል፣ «ደብዳቤ10» በር ላይ ይቀራል።

ነገሩ የዩኒክስ ውርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቤል ላብስ ውስጥ ኮከቧን ወደ ስም ዝርዝር የሚቀይር «ግሎብ» የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር። ዛሬ ይህን የሚሠራው ትእዛዝ የምንጽፍበት ሼል ነው። ፋይል የሚያጠፋው ትእዛዝ ኮከቧን አያያትም፤ የሚደርሰው የስም ዝርዝር ነው፣ የተሰጠውን ያጠፋል። ስለዚህ ጎበዝ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት በዚያው ኮከብ መጀመሪያ ዘርዝራችሁ እዩ።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ግን ሌላም ጣጣ አለ።

እናቴ ፀሐይ ትባላለች። መታወቂያዋ ላይ «ፀሐይ»፣ የትምህርት ማስረጃዋ ላይ «ጸሐይ»፣ የቤቱ ካርታ ላይ «ፀሃይ» ናት። ወንድሜ ወረቀቶቹን ስካን ሲያደርግ ፋይሎቹን የሰየመው ወረቀቱ ላይ እንዳለው ነው። «ፀሐይ*» ስል የመጣችው መታወቂያዋ ብቻ ናት። ካርታውስ? የለም!

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለ«ጸ»ም ለ«ፀ»ም፣ ለ«ሀ»ም ለ«ሐ»ም የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷል። አንድ ያደረጋቸው አፋችን ነው፣ ኮከቧ ደግሞ የምታየው የተጻፈውን እንጂ የተባለውን አይደለም።

ደግነቱ ማዕዘን ቅንፍ አለ፤ ትርጉሙ «ከእነዚህ አንዱ» ነው። «[ጸፀ][ሀሃሐ]ይ*» ብዬ ስጽፍ እናቴ ሦስቱንም ወረቀቶቿን ይዛ ከተፍ አለች።

ኮምፒውተሩን በአንድ መስመር አሳመንኩት። አንድ መሥሪያ ቤት ግን ያንኑ ሦስት ወረቀት ይዛ ስትቀርብ፣ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ልጅ ፊደል በፊደል አመሳክሮ «እማማ፣ ሦስቱም እርስዎ መሆንዎን ማስረጃ ያምጡ» አላት። ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ቤት በአንዲት «ሃ» ተንጠልጥሎ ቀረ።

እዚያ መስኮት ላይ ምናለ አንድ ቅንፍ ቢኖር?