ሳይደርስ የቀረው አደጋ

በደቡብ ስዊድን ከቬክሼ ወደ ዩንግቢ የሚወስደው መንገድ ደን ለደን ነው የሚሄደው። ስሞላንድ በሚባለው በዚህ አገር ሰው ከዛፍ ጋር ተወልዶ ከዛፍ ጋር ያረጃል። ስመ ጥሩው የሁስክቫርና የሞተር መጋዝም የተሰየመው እዚሁ ስሞላንድ ውስጥ ባለች ከተማ ስም ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1689 ጠመንጃ በመሥራት ጀምሮ፣ ወደ ሞተር መጋዝ የዞረው በ1959 ነው።

እኔ የደን ትምህርቴን የተማርኩት በስዊድን እርዳታ በተቋቋመው በወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ስለሆነ ይህን አገር በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በመጽሐፍ ያላገኘሁትን የነገሩኝ ያረፍኩባቸው አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የራሳቸውን ደን ሲቆርጡና ሲተክሉ ኖረዋል። እዚህ ሁሉም ሰው በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን እርሳቸውን «አንተ» ማለት እስካሁን አልሆነልኝም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው አውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ጣለ። ስዊድን በሙሉ በዓመት ከምትቆርጠው ጋር የሚቀራረብ ነው። ክረምቱ ለብ ያለ ስለነበር መሬቱ በውርጭ አልጠነከረም፣ በዝናብም ርሷል፤ ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ ደግሞ ሥሩን ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይሰድም። በማግስቱ ሰው ሁሉ መጋዙን አንሥቶ ወጣ። እጅግ ያሳዘነኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው፦ አውሎ ነፋሱ ራሱ ከገደላቸው ይልቅ የወደቀውን ዛፍ ሲያነሡ የሞቱት በለጡ።

እኔ ደግሞ የወደቀ ዛፍ ሥራው ያለቀ ይመስለኝ ነበር። አዛውንቱ ወደ አንድ የወደቀ ስፕሩስ ወስደው አሳዩኝ። ሥሩ ከነአፈሩ ተነቅሎ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ያን ግድግዳ ይዞት የነበረው የግንዱ ክብደት ነው፤ ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፣ ከኋላው የቆመ ሰው ካለም ከሥር ያስቀረዋል። አንዱ በሌላው ላይ የተጋደመ ግንድም እንደዚሁ ነው። በአንድ በኩል ተወጥሯል፣ በሌላው ተጨምቋል። የተጨመቀውን ወገን አብዝቶ የቆረጠ መጋዙን ያስነክሳል፤ የተወጠረውን በአንድ ጊዜ የበጠሰ ግንዱ ተፈናጥሮ እግሩን ይሰብረዋል። ስለዚህ አዛውንቱ ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት ግንዱን ዞረው ዞረው ያዩታል። በዚያ ሰዓት ቢያናግሯቸው አይመልሱም።

የመጋዙ የራሱ ክፋት ሌላ ነው። ሰንሰለቱ በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ ይሮጣል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት አፍንጫ በላይኛው ወገኑ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ነገሩም ሰው «ምን ሆነ» ብሎ ሳያስብ ያልቃል። አዛውንቱ ይህ ደርሶባቸዋል። ቅርንጫፍ ሲመለምሉ ከቅጠሉ ሥር የተደበቀች ሌላ ቅርንጫፍ አፍንጫውን ነካችው። መጋዙ ወደ ፊታቸው ተነሣ፣ የፊተኛው መከላከያ ከግራ እጃቸው ጋር ተጋጨ፣ ፍሬኑ ሰንሰለቱን ያዘው። የቆመ ጥርስ የራስ ቁራቸውን መረብ አጎበጠው። ደም አልፈሰሰም። አውራ ጣታቸው እጀታውን ዞሮ ባይጨብጥ ኖሮ መጋዙ ከእጃቸው ያመልጥ እንደነበር ሲነግሩኝ፣ ያንኑ ጣት ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

ሱሪያቸውንም አሳዩኝ። ውስጡ ረጃጅም ክሮች ተደራርበውበታል፤ ሰንሰለቱ ጨርቁን ሲቀድ ክሮቹ ተመዝዘው ማዞሪያውን ተብትበው ያቆሙታል። ይህን ሁሉ የሚለብሱት ከቤታቸው ጓሮ አንዲት የበርች ዛፍ ለመጣልም ቢሆን ነው። እኛ አገር በረባሶ አድርጎ፣ በሸሚዝ ብቻ ይህንኑ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ወጣት አይቻለሁና፣ ያ ሱሪ ከመሣሪያው ተለይቶ መሸጥ አልነበረበትም እላለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ልቤን የያዘው ግን ደብተራቸው ነው። በዚህ አገር ሕግ አሠሪ ሰው የተጎዳበትን ብቻ ሳይሆን ለጥቂት የቀረውን ከባድ አደጋም ለሥራ አካባቢ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። አዛውንቱ አሠሪም ሠራተኛም ራሳቸው ናቸው፤ የሚጠይቃቸው የለም። ሆኖም ያችን ቅርንጫፍ በደብተራቸው ጽፈዋታል፦ ሰዓቱን፣ የቆሙበትን፣ ከስንት ሰዓት ሥራ በኋላ እንደነበር። ጎረቤቶቻቸው ቡና ሲጠጡም ስለዚህ ያወራሉ፤ የተረፈውም ሰው ሳያፍር ይናገራል፣ የሚሰማውም «የት ቆመህ ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። እኛ ዘንድ ከሞት ለተረፈ «ተመስገን» እንላለን፤ ማለታችንም ደግ ነው፣ እኔም እላለሁ። ግን ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

አንድ ማታ «በእናንተስ አገር?» ብለው ሲጠይቁኝ የአጎቴን ነገርኳቸው። ደብረ ብርሃን አካባቢ የባሕር ዛፍ ነጋዴ የሞተር መጋዝ ይዞ መጥቶ ሲያስቆርጥ፣ አጎቴ ዛፍ ሊወድቅባቸው ሲል ለጥቂት ተረፉ፤ ቤተ ሰቡም ስለት አገባ። አዛውንቱ ጽዋቸውን አስቀመጡ። ዛፉ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር? የቆረጡት የያዘውን ዛፍ ነው? አጎትህ በየት በኩል ነበሩ? አንዱንም አላወቅሁም።

በማግስቱ ደወልኩ። አጎቴ ደኅንነቴን ጠይቀው መልሱን ሳይጠብቁ ስለ ዝናቡ ጀመሩ፤ አቋርጬ ስለዚያ ቀን ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና ሁሉንም በተራ ነገሩኝ። ዛፉ በምዕራብ በኩል ባለው ዛፍ ሹካ ላይ ተይዞ ነበር፤ ቆራጩ የያዘውን ጣለው፤ ሁለቱም አብረው መጡ። እርሳቸው ገመዱን ይዘው ከተንጠለጠለው ሥር፣ ከጉቶው ወደ ታች ቆመው ነበር። «ገመዱ አጭር ነበር ልጄ» አሉኝ፤ «ሁለት ዛፍ ያህል ቁመት የሚደርስ ገመድ ቢኖረኝ እዚያ ምን ያቆመኝ ነበር?» የገመዱን ርዝመት ጠይቄ ጻፍኩ። ዛፉን የቆረጠው ልጅ አሁንም በመጋዙ እንደሚሠራ ነገሩኝና፣ ስልክ ቁጥሩን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።