ጠርጥሮ የተመነጠረው

የሼክስፒር «ኦቴሎ» ጨዋታ በተነሳ ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርም፤ ኢያጎ በኦቴሎ ላይ ይህን ሁሉ ተንኮል የሠራው ለምንድን ነው? ግማሹ ሰው «ሹመት ተነፍጎ ቂም ይዞ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ምን ምክንያት ያስፈልገዋል፣ ክፉ ነዋ!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔን ሁለቱም አያጠግቡኝም። ኢያጎ ውሸታም ነው፤ ግን ስለ ራሱ የነገረን አንድ እውነት አለ፣ የትራጄዲው መርዝም ከዚያ ነው የተቀዳው ባይ ነኝ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያለው ይከተለኝ።

መጀመሪያ ሹመቱን እንየው። መጋረጃው ሲገለጥ ኢያጎ በሌሊት፣ በቬኒስ ጎዳና ላይ፣ ሮደሪጎ ለሚባል ገንዘብ እንጂ ብልሃት ላልታደለ ወጣት ብሶቱን ሲያወርድ እናገኘዋለን። ሦስት የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ጄኔራሉ ኦቴሎ ዘንድ ሄደው አማልደውለት ነበር። ኦቴሎ ግን የምክትልነቱን ቦታ ለካሲዮ ሰጥቶ እሱን ሰንደቅ ያዥ አድርጎ አስቀረው። ካሲዮ በኢያጎ አፍ ሲገለጽ ጦርነትን በመጽሐፍ እንጂ በሜዳ የማያውቅ የፍሎረንስ ሒሳብ አዋቂ ነው። ኢያጎ ደግሞ በሮድስና በቆጵሮስ ጄኔራሉ በዓይኑ እያየው የተዋጋ ወታደር። እዚህ ድረስ ማንም ያዝንለታል። እንዲህ ያለ ብሶት የሌለበት መሥሪያ ቤት የት አለ?

ግን ሦስተኛው ገቢር ሊያልቅ ሲል የሚሆነውን ልብ በሉ። ኦቴሎ ሚስቱ ዴዝዴሞና ከካሲዮ ጋር ወሰለተች ብሎ በቅናት ነዶ፣ ተንበርክኮ በቀልን ይምላል። ኢያጎም አጠገቡ ይንበረከካል። ካሲዮን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲገድለው ሲታዘዝ፣ እሺ፣ እሷን ግን ተዋት ይለዋል። (ተዋት ማለቱ ማስታወሱ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?) ወዲያው ኦቴሎ ምክትልነቱን ይሰጠዋል። ያ የተነፈገው ሹመት እጁ ገባ። ካሲዮም ከሥራው ከተሻረ ቆይቷል። ቂሙ የሹመት ከነበረ ሒሳቡ እዚያው ላይ ተዘግቷል። ዴዝዴሞና ግን ገና በሕይወት ናት፣ ቴያትሩም ሁለት ገቢር ይቀረዋል፤ ኢያጎ አንዲት እርምጃ እንኳ ቀነስ አላደረገም።

ለብቻው ሲቀር ለእኛ ለተመልካቾች የሚነግረን ሌላ ነው። ኦቴሎ ከሚስቴ ከኤሚሊያ ጋር ተኝቷል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ ይላል። እውነት ይሁን ውሸት አያውቅም፤ አለማወቁንም በገዛ አፉ ያምናል። ቢሆንም ጥርጣሬዬን እንደ ተረጋገጠ ነገር ቆጥሬ እሠራበታለሁ ይላል። እኔ የያዝኳት ይህችን ናት። በሁለተኛው ገቢር ሲመለስባት ሐሳቡ እንደ መርዝ ሆድ ዕቃውን እየበላው እንደሆነ፣ ሚስት በሚስት ካልተካካሰ እንደማይበርድለት ይነግረናል። ወዲያው ደግሞ ካሲዮም ከኤሚሊያ ጋር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይጨምራል። ዴዝዴሞናን እኔም እወዳታለሁ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን አያነሳውም። መጨረሻ አካባቢ፣ በጨለማ ካሲዮን ሊያስገድል ሲያደባ፣ የዚያ ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ ውበት እኔን አስቀያሚ ያደርገኛል የሚል አንድ ነገር ያመልጠዋል። ምቀኝነት ይህን ያህል በግልጽ ስለ ራሱ ሲናገር ብዙ አልሰማሁም።

እንግዲህ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኮልሪጅ ይህን የምክንያት ጋጋታ አይቶ ነው፣ ክፋቱ ምክንያት የለውም፣ ሰውዬው ግን ምክንያት ፍለጋ ይባዝናል ያለው። አባባሉ ታዋቂ ነው፤ ግማሹም ልክ ነው። ብድሩ ሳይኖር ብድር መላሽ የሆነ ሰው መሆኑን አሳይቷል። ያቃለለው ጥርጣሬውን ነው። ሆዴን በላኝ የሚል ሰው፣ ያውም ለማንም ሳይሆን ለብቻው ሲያወራ፣ ለምን ይዋሻል? ኢያጎ ቅናት ያውቃል። ኦቴሎን ቅናት ዓይኑ አረንጓዴ የሆነ አውሬ ነው ብሎ ሲያስጠነቅቀው፣ የሚያወራው ስለሚያውቀው አውሬ ነው።

ሼክስፒር ምክንያቱን እንዲህ የበታተነው አስቦበት ለመሆኑ ማስረጃ አለ። ታሪኩን ያገኘው ጂራልዲ ቺንቲዮ የተባለ ኢጣሊያዊ በ1565 ካሳተመው የተረቶች መድበል ነው። እዚያ የሰንደቅ ያዡ ነገር ግልጽ ነው፤ የጄኔራሉን ሚስት ወደደ፣ እሷ ዞር ብላም አላየችው፣ ሌላ መኮንን ብትወድ ነው ብሎ ደመደመ፣ ፍቅሩ ወደ ጥላቻ ዞረ። በሚስትየዋ ላይ ማስረጃ የሚሆነውን መሐረብም የሚሰርቀው ራሱ ነው። የሦስት ዓመት ልጁን ይዞ ይሄዳል፣ ልጅቷን ለዴዝዴሞና ያስታቅፋታል፣ ሴትየዋ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታጫውት እሱ ከወገቧ መሐረቡን ላጥ ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር ከሼክስፒርም ከማንም ይልቅ ይህች ቦታ ታሳቅቀኛለች። ሼክስፒር ግን ሕፃኗንም፣ ያንን ግልጽ ምክንያትም ጣላቸው። በምትኩ የ28 ዓመት ወጣት ሰጠን (ብዙ ሰው በሐሳቡ ጎልማሳ አድርጎ ይስለዋል)፣ ምክንያቱ እንደ ተመላላሽ እንግዳ የሚገባና የሚወጣ፣ ጥርጣሬው ብቻ ቤተኛ የሆነ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንላለን። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር እንላለን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን በአማርኛ ሲያመጣልን ቴያትሩ የገባው በእነዚህ ተረቶች አፉን በፈታ ሕዝብ መካከል ነው። ኦቴሎ ግን ጠርጥሮ ነው የተመነጠረው። ኢያጎም ለዚህ ሰው ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ የራሱን በሽታ አጋባበት። ጥርጣሬን እንደ ማስረጃ መቁጠር እሱ አስቀድሞ የጀመረው ሥራ ነው።

ሲያጋባበት ደግሞ ምን ያህል ጥቂት እንደሚናገር! ካሲዮ ዴዝዴሞናን አነጋግሮ ኦቴሎን ሲያይ አፍሮ ፈቀቅ ይላል። ኢያጎ ይህ ደስ አይልም ብሎ ለራሱ ያጉረመርማል። ምን አልክ ሲባል ምንም ይላል። የቀረውን ኦቴሎ ራሱ ጎትቶ ያወጣዋል። አባቷ ብራባንሲዮ በመጀመሪያው ገቢር፣ አባቷን ያታለለች አንተንም ታታልላለች ብሎት ሄዶ ነበር፤ ኢያጎ ያንን ሰምቶ አስቀምጦት ኖሮ እዚህ ጋ ይመዝዘዋል። ተፈጥሮ ከራሷ ስትሳሳት የሚለውን ሐሳብ፣ ማለትም ነጭ ልጅ ጥቁር መውደዷ ጤና አይደለም የሚለውን፣ ቀድሞ የሚጀምረው ግን ኦቴሎ ነው። ኢያጎ ጫፏን ይዞ ቀጠለላት። ኢያጎና ሮደሪጎ በመጀመሪያዋ ሌሊት ከብራባንሲዮ መስኮት ሥር የጮኹት ስድብ ለካ ሰውዬው ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ኖሯል። ይህን ስናነብ እኛ ጥቁሮች ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

መሐረቡም ቢሆን አልተሰረቀም። ኦቴሎ ራሴን አመመኝ ሲል ዴዝዴሞና በመሐረቡ ልታስረው ትሞክራለች፣ እሱ ትንሽ ነው ብሎ ገፋ ያደርገዋል፣ ይወድቃል፣ ተይው ብሎ ይዟት ይሄዳል። የሞት ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብባትን ነገር የጣለው ከሳሹ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ገቢር፣ ወደ ቬኒስ ሸንጎ ልመለስ። ብራባንሲዮ ልጄን በመተት አፍዝዞ ወሰዳት ብሎ ኦቴሎን ይከሳል። መስፍኑ፣ እንዲህ ያለ ቀጭን ግምት ማስረጃ አይሆንም ይላል። ኦቴሎ ምን አለ? ልጅቷ ትጠራና እሷው ትናገር፣ ጥፋተኛ ሆኜ ከተገኘሁ ሹመቴንም ሕይወቴንም ውሰዱ። ተጠራች፣ መጣች፣ ተናገረች፣ ክሱ ጭስ ሆኖ ቀረ። ጥቁር ባዕድ ሰው፣ በባላባት አባት ተከሶ፣ አንዲት ምስክር ስለተሰማች ነጻ ወጣ። ምስክሯን ለማምጣት የተላከው ደግሞ ኢያጎ ነው። ቦታውን አንተ ታውቀዋለህ ተብሎ።

ይህን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ኢያጎ በዚያች ሌሊት በዓይኑ ያየው፣ ምስክር ከተጠራ ወሬ እንደማይቆም ነው። ከዚያ በኋላ ተንኮሉ ሁሉ የሚዞረው ምስክር እንዳይጠየቅ በማድረግ ላይ ነው። ኦቴሎ አንገቱን አንቆ በዓይኔ አሳየኝ ሲለው፣ ካሲዮ በእንቅልፍ ልቡ የዴዝዴሞናን ስም ሲጠራ ሰማሁት ይለዋል። ሕልም! ያውም የሌላ ሰው ሕልም። በአራተኛው ገቢር ኦቴሎን ደብቆ ካሲዮ ስለ ወዳጁ ስለ ቢያንካ ሲስቅ ያሳየዋል፤ ኦቴሎ ሳቁን ያያል፣ የማን ነገር እንደሆነ በትክክል አይሰማም። ኤሚሊያን ጠርቶ ጠይቋታል፤ እሷም በነፍሴ እምላለሁ፣ ንጹሕ ናት ብላዋለች። ቃሏን ሰማና፣ እንዲህ ማለት ለየትኛዋም አቃጣሪ አይከብድም ብሎ ጣለው። ያላመነውን ምስክር ሳይሆን ያመነውን ወሬ ይዞ ሄደ።

በመጨረሻ መኝታ ክፍል ሲገባ በቀል የሚለውን ቃል አውልቆ ፍትሕ የሚለውን ለብሷል። ሌሎች ወንዶችን እንዳታታልል ልግደላት ይላል። ጸሎትሽን አድርሰሻል ወይ ብሎ ይጠይቃታል፣ ነፍስሽን አልገድልም ይላታል፤ ካህንም ዳኛም ሆኗል። እሷ ታዲያ ምን ትለዋለች? ካሲዮን አስጠራውና እውነቱን ይናገር። እሱ በሸንጎ ፊት የጠየቀውን ነው የጠየቀችው፤ እሱን ያዳነውን። ሞቷል ይላታል። ካሲዮ የቆሰለው እግሩን ብቻ ነው፣ ኋላ በወንበር ተሸክመው ያመጡታል። እሷ ግን እውነት መስሏት አለቀሰች፣ እንባዋም ለእሱ ማስረጃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ልመናዋ እያነሰ ሲሄድ አስተውሉ፤ አትግደለኝ፣ ስደደኝ። ነገ ግደለኝ፣ ዛሬን ልኑር። ግማሽ ሰዓት ብቻ። አንዲት ጸሎት እስካደርስ። ነፍስሽን አልገድልም ያለው ሰው ለአንዲት ጸሎት ጊዜ የለኝም አላት።

ኤሚሊያ ባትኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር። በቺንቲዮ ተረት የሰንደቅ ያዡ ሚስት ሁሉን ታውቃለች፣ ባሏን ፈርታ ግን ዝም ትላለች። የሼክስፒሯም መጀመሪያ እንደዚያው ናት። መሐረቡን አንስታ፣ ካሲዮ ክፍል ወስዶ ለሚጥለው ለባሏ የሰጠችው እሷ ናት፤ እመቤቷ የት ጣልኩት ብላ ስትጨነቅ አላውቅም ያለችው እሷ ናት። ይህን ይቅር የሚላት ተመልካች ሁልጊዜ አይገኝም። ግን በአራተኛው ገቢር፣ ኢያጎ አጠገቧ ቆሞ፣ ይህን ወሬ የፈበረከው ሹመት ፈላጊ የሆነ አንድ ወራዳ ነው ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው የለም ይላል ኢያጎ። እንዲህ ያለ ሰው የለም ይላል ኢያጎ። ሳታውቀው ፊት ለፊቱ አንብባዋለች፤ ሹመቱንም ጥርጣሬውንም በአንድ ትንፋሽ። ኋላ እውነቱ ሲገለጥላት ባሏ ወደ ቤትሽ ሂጂ ይላታል። አልሄድም አለች፣ ተናገረች፣ በሰይፍ ወጋት። በቴያትሩ ውስጥ እውነተኛ በደል የደረሰባት፣ ማንንም ሳትገድል ብድሯን በአፏ ብቻ የመለሰች እሷ ናት።

ኦቴሎ ካሲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። መሐረቡን ከየት አመጣኸው? ክፍሌ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። በቃ፣ ይህችው ናት። ሁለት ሴቶች የሞቱበት ጉዳይ በአንድ ጥያቄና በአንድ መልስ ተፈታ።

ኦቴሎ ያን ጊዜ ኢያጎን ለምን እንዲህ እንዳደረገብኝ ጠይቁልኝ ይላል። ኢያጎ ምንም አትጠይቁኝ፣ ከእንግዲህ ቃል አይወጣኝም ይላል። አሠቃይተን እናናግርሃለን ይሉታል፤ የሥቃዩን ቦታና ጊዜ የሚወስነውም አሁን የቆጵሮስ ገዥ የሆነው ካሲዮ ነው። አንዳንድ ተዋናዮች ይህን ዝምታ እንደ ኩራት፣ እንደ መጨረሻ ድል ይጫወቱታል፤ አገጩን ቀና አድርጎ ፈገግ የሚልም አይቻለሁ። እኔ አዘጋጅ ብሆን እንዲህ አላደርገውም። እኛኮ ምክንያቶቹን ሁሉ ሰምተናል፤ መድረኩ ላይ የቆሙት ናቸው ያልሰሙት። አፉን ቢከፍት ምን ይላቸዋል? ሚስቴን ጠርጥሬ ነበር ሊል ነው፣ እሷ ከእመቤቷ ጎን ወድቃ፣ የእመቤቷን ንጽሕና በደሟ መስክራ። የሚያቀርበው ነገር የሌለው ከሳሽ አድርጌ ነበር የማቆመው።