የአድአ ጤፍ መንገድ

እህል በረንዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ አገሩን የሚያውቀው በጆንያ ነው። አባቴ ኩንታል ተሸካሚ ስለሆነ "የአድአ ማኛ" የሚለውን ስም የሰማሁት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። አድአን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ የጓደኛዬን ብስክሌት ተዋስኩና ለአባቴ ሳልነግር በማለዳ ወጣሁ።

በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም በኩል ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመርካቶ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል፣ ሲሄዱ ብስክሌቱ ራሱ ይወስዳል። ከዱከም በኋላ በፋብሪካዎቹ መሃል የጤፍ ማሳ ብቅ ይላል። ሐይቆቹን ግን ከአስፋልቱ ላይ ሆናችሁ አታዩዋቸውም። እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ስለተኙ፣ ሆራ የሚገለጥላችሁ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ነው። እኔም ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ችግሩ መመለሱ ነው። ከአቃቂ ወዲህ ዳገቱ ጉልበቴን ጨረሰው። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ለሜልቦርን ኦሎምፒክ የበቃው እንዲህ ያለውን እየወጣ ይሆን እያልኩ ሳለከልክ፣ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቀስ ብሎ አለፈኝ። እንደ ሰፈሬ ልጆች ኋላውን ያዝኩና ተጎተትኩ። ቀና ስል ጆንያዎቹን አየሁ። አባቴ በጀርባው የሚያወርዳቸው እነዚህን ነው። አፈርኩ። ለቀቅኩትና ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ መሽቷል። አባቴ የት እንደዋልኩ ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ትንሽ ዝም አለና፣

"አድአ እንዴት ያለ አገር ነው?" አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ጤፉን ሲሸከም እሱም አላየውም ለካ!